አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ

አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ (ከጃንዩዌሪ 1 ቀን 1878 እስከ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1929 እ.ኤ.አ.) የዴንማርክ የሒሳብ ሊቅ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያና መሐንዲስ ነበር። በኮፐንሀገን የስልክ ኩባንያ ለ20 ዓመት ገደማ ሲሠራ፣ ብዙ ሰዎች በጥቂት መስመሮች ሲገለገሉ ስንቱ ደዋይ መስመር እንደሚያጣ፣ ስንቱም እንደሚጠብቅ የሚያሰላበትን ዘዴ አገኘ። የቴሌትራፊክ ምሕንድስናና የወረፋ ንድፈ ሐሳብ የሚባሉት የጥናት ዘርፎች የተነሡት ከዚህ ሥራው ነው። የመገናኛ ጭነት መለኪያ የሆነው «ኤርላንግ» የተሰየመውም በእርሱ ስም ነው። ዛሬ በትልልቅ የኮምፒውተር ኔትወርኮች ላይ ትራፊኩ በየትኛው መንገድ ይሂድ፣ ምን ያህል አቅምስ ይዘጋጅለት የሚሉት ጥያቄዎች እርሱ ካነሣቸው ጥያቄዎች የቀጠሉ ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ልጅነት

ኤርላንግ የተወለደው በዴንማርክ የጁትላንድ ልሳነ ምድር፣ ከታርም ከተማ አቅራቢያ ባለችው ሎንቦርግ መንደር ነው። አባቱ ሃንስ ኒልሰን ኤርላንግ የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህርና የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ነበር። እናቱ ማግዳሌነ ክራሩፕ ከካህናት ወገን ስትሆን፣ ከቀደሙ አያቶቿ አንዱ «ታንጀንት» እና «ሴካንት» የሚሉትን የትሪጎኖሜትሪ ስሞች በ1583 ያስተዋወቀው የሒሳብ ሊቅ ቶማስ ፊንከ ነው። አግነር አንድ ታላቅ ወንድምና ሁለት ታናናሽ እኅቶች ነበሩት።

በልጅነቱ ዝምተኛና ሰላማዊ ነበር፤ ከጨዋታ ይልቅ ንባብ ይወድ ነበር። ከወንድሙ ጋር አንዱን መጽሐፍ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲያነቡ፣ አግነር የተገለበጠውን ገጽ ያለ ችግር ያነብ እንደነበር ስለ ሕይወቱ የጻፉ ሰዎች ይተርካሉ። ከሁሉም በላይ የሚስበው የሥነ ፈለክ ትምህርት ነበር፤ ስለ ከዋክብትም ግጥም ይጽፍ ነበር።

ትምህርት

የመጀመሪያ ትምህርቱን በአባቱ ትምህርት ቤት ተምሮ በ14 ዓመቱ ወደ ኮፐንሀገን ሄደ፤ በዚያም የቅድመ ዝግጅት ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት አለፈ። ዕድሜው ለፈተናው ገና ስላልደረሰ ሊፈተን የቻለው በልዩ ፈቃድ ነበር። ከዚያ ወደ መንደሩ ተመልሶ ለሁለት ዓመት በአባቱ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆነ። በዚሁ ጊዜ ፈረንሳይኛና ላቲን ተማረ።

በ1896 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን በሂለሮድ ከተማ በጥሩ ውጤት አልፎ ወደ ኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ቤተሰቡ ሀብታም ስላልነበር ሬገንሰን በተባለው የተማሪዎች ማደሪያ በነጻ እየኖረ ተማረ። በ1901 በሒሳብ የማስተርስ ዲግሪውን ሲያገኝ ሥነ ፈለክ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪን በተጨማሪ ትምህርትነት አጥንቶ ነበር። ለሚቀጥሉት ሰባት ዓመታት ያህል በተለያዩ ትምህርት ቤቶች አስተማረ። ማስተማሩን ቢወድደውም የራሱን ምርምር አልተወም፤ በ1904 ለዩኒቨርሲቲው ባቀረበው የሒሳብ ጽሑፍ የክብር እውቅና አግኝቷል።

ወደ ስልክ ኩባንያ መግባት

ኤርላንግ የዴንማርክ የሒሳብ ሊቃውንት ማኅበር አባል ነበር። በማኅበሩ ስብሰባዎች ላይ ከዮሃን የንሰን ጋር ተዋወቀ። የንሰን የኮፐንሀገን የስልክ ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሲሆን፣ በትርፍ ጊዜው በሠራው ሒሳብ እስከ ዛሬ «የየንሰን አለመተካከል» የሚባለውን ሕግ ያገኘ ሰው ነው። እርሱም ኤርላንግን ከኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ከፍሪትስ ዮሃንሰን ጋር አገናኘው። ዮሃንሰን የደዋዮችን የመጠበቂያ ጊዜ በሒሳብ ለማስላት ራሱ ሙከራ ጀምሮ ስለነበር፣ ሥራውን ወደፊት የሚያራምድ ሰው ይፈልግ ነበር። በ1908 ኤርላንግ በሳይንሳዊ ተመራማሪነት ተቀጠረ፤ በኋላም የኩባንያውን ላቦራቶሪ መራ።

የጊዜው ችግር

በዚያ ዘመን የስልክ ጥሪ የሚገናኘው በሰው እጅ ነበር። ደዋዩ የስልኩን እጀታ ሲያነሣ በማዞሪያው ጣቢያ ምልክት ይታያል፤ ስልከኛዋ ወዴት እንደሚፈልግ ጠይቃ የገመዱን ጫፍ በተፈለገው ቀዳዳ ላይ ትሰካለች። ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው የሚሄዱት መስመሮች ግን ከደንበኞቹ ቁጥር እጅግ ያነሱ ነበሩ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ መስመር ልዘርጋ የሚል ኩባንያ መክሰሩ አይቀርም። መስመር የሚያሳንስ ኩባንያ ደግሞ ደንበኞቹን በተጨናነቀው ሰዓት ያለ አገልግሎት ይመልሳል።

ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነበር። አንደኛው ስንት መስመር ይበቃል የሚል ነው። ሁለተኛው ስልከኞቹ ስንት ቢሆኑ ደዋዩ ብዙ ሳይጠብቅ ይስተናገዳል የሚል ነው። ከኤርላንግ በፊት ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው በአብዛኛው በልምድና በግምት ነበር። አማካዩን ብቻ ማወቅ አይበቃም፤ ምክንያቱም ሰዎች ተነጋግረው በተራ አይደውሉም። አንዳንዴ መስመሩ ባዶ ይሆናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ብዙዎች ባንድ ጊዜ ይደውላሉ።

የ1909 ጽሑፍ

ኤርላንግ የመጀመሪያውን ዋና ጽሑፉን በ1909 አሳተመ። ርእሱ ስለ ፕሮባቢሊቲ ንድፈ ሐሳብና ስለ ስልክ ንግግሮች ነበር። በዚህ ጽሑፍ ጥሪዎች እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ በዘፈቀደ ከመጡ ቁጥራቸው የፗሶን ስርጭት የተባለውን የሒሳብ ሕግ እንደሚከተል አሳየ።

ትርጉሙን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ ጣቢያ በደቂቃ በአማካይ 3 ጥሪ ይመጣል እንበል። ሕጉ እንደሚያሳየው፣ ከ100 ደቂቃዎች በ5ቱ ያህል አንድም ጥሪ አይመጣም፤ በ8ቱ ያህል ደግሞ 6 ወይም ከዚያ በላይ ጥሪ ይመጣል። ማን መቼ እንደሚደውል ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ የብዙዎች ድርጊት ተደምሮ ሲታይ ግን ሊሰላ የሚችል ሥርዓት አለው። የኤርላንግ ሥራ ሁሉ የቆመው በዚህ ግንዛቤ ላይ ነው።

የ1917 ቀመሮች

በ1917 ኤርላንግ አውቶማቲክ የስልክ ማዞሪያዎችን የሚመለከተውንና ይበልጥ የታወቀበትን ጽሑፍ አወጣ። በውስጡ ለሁለት ዓይነት አሠራር የሚሆኑ ሁለት ቀመሮችን ሰጠ። የመጀመሪያው መስመር ያጣ ጥሪ ወዲያውኑ የሚመለስበትን አሠራር የሚመለከት ሲሆን «የማጣት ቀመር» ወይም «ኤርላንግ ቢ» ይባላል። ሁለተኛው ጥሪው ተራውን የሚጠብቅበትን አሠራር የሚመለከት ሲሆን «የመጠበቅ ቀመር» ወይም «ኤርላንግ ሲ» ይባላል።

ሁለቱም የሚነሡት ከጭነት መጠን ነው። አንድ መስመር አንድ ሰዓት ሙሉ ቢያዝ ጭነቱ 1 ኤርላንግ ነው። በሰዓት 40 ጥሪ ቢመጣና እያንዳንዱ በአማካይ 3 ደቂቃ ቢወስድ በጠቅላላው 120 የንግግር ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም ለ60 ሲካፈል 2 ኤርላንግ ነው። ሁለት መስመር የሚበቃ ይመስላል። የማጣት ቀመሩ ግን ሌላ ውጤት ይሰጣል፦

በ2 መስመር ከ100 ጥሪ 40 ይመለሳል።
በ3 መስመር 21 ያህል ይመለሳል።
በ4 መስመር ከ9 እስከ 10 ይመለሳል።
በ5 መስመር 4 ያህል ይመለሳል።
በ6 መስመር 1 ያህል ብቻ ይመለሳል።

እንግዲህ በአማካይ ስሌት ሁለት መስመር የሚያስፈልገው ጭነት ሰዎች ሳይመለሱ እንዲስተናገድ ስድስት መስመር ይጠይቃል። ቀመሩ ለኩባንያው የሰጠው ጥቅም ይህ ነው፦ አንድ መስመር ቢጨመር ስንት ደዋይ እንደሚድን አስቀድሞ ያውቃል፤ ለዚያም ገንዘብ ማውጣት ተገቢ መሆን አለመሆኑን አስልቶ ይወስናል።

የ1917ቱ ጽሑፍ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1918 መጀመሪያ፣ በእንግሊዝ የፖስታ ቤት መሐንዲሶች መጽሔት በእንግሊዝኛ ወጣ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤትም ቀመሩን ለስልክ ማዞሪያዎቹ ስሌት ተጠቀመበት። በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ አንድ ተመራማሪ የኤርላንግን ጽሑፎች በቀጥታ ለማንበብ ሲል ዴንማርክኛ ተማረ ተብሎ ይነገራል።

መስመሮችን የማጋራት ጥቅም

ከማጣት ቀመሩ የሚወጣ ሌላ ትልቅ ትምህርት አለ። ከ100 ጥሪ አንዱ ብቻ ይመለስ ተብሎ ከተወሰነ፣ 10 መስመር ያለው ቡድን 4.5 ኤርላንግ ያህል ይሸከማል። እንዲህ ያሉ አሥር ቡድኖች ለየብቻቸው ቢሠሩ ተደምረው 45 ኤርላንግ ያህል ይሸከማሉ። እነዚያው 100 መስመሮች አንድ የጋራ ቡድን ሆነው ቢሠሩ ግን 84 ኤርላንግ ያህል ይሸከማሉ።

አንድም መስመር ሳይጨመር አቅሙ በእጥፍ ሊጠጋ የቻለው ተለያይተው ሳለ አንዱ ቡድን ሲጨናነቅ የሌላው መስመር ባዶ ተቀምጦ ስለነበር ነው። ሲጋሩ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ነገር ግን የጋራ ቡድን ሁልጊዜ ተጨናንቆ ስለሚሠራ ያልተጠበቀ ጭነት ሲመጣበት የሚቋቋምበት ትርፍ አቅም አነስተኛ ነው። የኔትወርክ መሐንዲሶች እስከ ዛሬ እነዚህን ሁለት ነገሮች እያመዛዘኑ ይሠራሉ።

ሌሎች ሥራዎች

ኤርላንግ በቢሮ ተቀምጦ ብቻ የሚያሰላ ሰው አልነበረም። በስልክ ገመዶች ላይ የሚደርሰውን ባዕድ የኤሌክትሪክ ፍሰት ለመለካት ራሱ በኮፐንሀገን መንገዶች ሥር ባሉት የገመድ ጉድጓዶች ይወርድ ነበር። አንድ ሠራተኛ መሰላል ተሸክሞ ሲከተለው የከተማው ነዋሪ በየመንገዱ ያየው ነበር። ለስልክ የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ የሚሆን መሣሪያም ሠርቷል። ለዕለት ስሌት የሚያገለግሉ፣ በኪስ የሚያዙ የሒሳብ ሠንጠረዦችንም አዘጋጅቶ አሳትሟል።

ጽሑፎቹ አጫጭርና እጥር ምጥን ያሉ ናቸው። ብዙ ጊዜ ውጤቱን እንጂ ሙሉ ማረጋገጫውን አይጽፍም ነበር፤ ስለዚህ ሌሎች የሒሳብ ሊቃውንት ሥራውን ለማስፋትና ለማረጋገጥ ለብዙ ዓመታት ደክመዋል።

ጠባይና የግል ኑሮ

ኤርላንግ አላገባም፤ ልጅም አልነበረውም። ገንዘቡን የሚያጠፋው በመጻሕፍት ላይ ነበር፤ በተለይ የሒሳብ፣ የሥነ ፈለክና የፊዚክስ መጻሕፍት ብዙ ሰብስቦ ነበር። ከዚህ በቀር ያለውን ለተቸገሩ ይሰጥ ነበር። ለጋስነቱ ስለታወቀ ችግረኞች ወደ ላቦራቶሪው ድረስ ይመጡ ነበር፤ እርሱም ሰው ሳያይ ይረዳቸው ነበር። ጓደኞቹና የሥራ ባልደረቦቹ ትሑትና ጥቂት ተናጋሪ እንደነበር፣ ነገር ግን ሲናገር ቀልድ የማያጣ እንደሆነ መስክረዋል።

ሞት

ኤርላንግ በኩባንያው ለ20 ዓመት ገደማ ሲሠራ በሕመም ምክንያት አንድም ቀን ከሥራ ሳይቀር ቆየ። በጃንዩዌሪ 1929 ግን ለሆድ ቀዶ ሕክምና በኮፐንሀገን ሆስፒታል ገባ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ እሑድ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1929፣ በ51 ዓመቱ ዐረፈ።

መታሰቢያ

በ1946 ዓለም አቀፉ የስልክ አማካሪ ኮሚቴ የመገናኛ ጭነት መለኪያ «ኤርላንግ» እንዲባል ወሰነ። በ1948 ሦስት ዴንማርካውያን ተመራማሪዎች የሕይወቱን ታሪክና ሥራዎቹን በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው በኮፐንሀገን አሳተሙ። በ1980ዎቹ በስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ ለስልክ ማዞሪያዎች የተፈጠረው የፕሮግራም ቋንቋም «ኤርላንግ» ተብሎ ተሰይሟል።

ከስልክ መስመር ወደ ትራፊክ አመራር

ከኤርላንግ በኋላ የመጡ መሐንዲሶች አንድ አዲስ ጥያቄ ገጠማቸው። ቀጥተኛው መስመር ሲሞላ ጥሪውን በሌላ ከተማ በኩል ዞሮ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል፤ ታዲያ ሁልጊዜ ማዞር ይጠቅማልን? ስሌቱ እንዳሳየው አይጠቅምም። ዞሮ የሚሄድ ጥሪ በአንድ ፈንታ ሁለት መስመር ይይዛል። ኔትወርኩ በሙሉ በተጨናነቀ ጊዜ እያንዳንዱ የዞረ ጥሪ የሌሎችን ቀጥተኛ መስመር ስለሚወስድ እነርሱም በተራቸው ይዞራሉ፤ በመጨረሻም ጠቅላላ የሚስተናገደው ጥሪ ይቀንሳል። መፍትሔው ከየመስመር ቡድኑ ጥቂቱን ለቀጥተኛ ጥሪዎች ብቻ ማስቀረት ሆነ።

በ1984 የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ ኩባንያ በረጅም ርቀት የስልክ ኔትወርኩ ላይ እንደ ቀኑ ሰዓት የሚለዋወጥ የአቅጣጫ አመራር ማስገባት ጀመረ። በሰፊው የአሜሪካ ምድር የምሥራቁና የምዕራቡ ክፍል የሥራ ሰዓት ስለሚለያይ፣ በአንዱ ወገን ሥራ የፈታው መስመር ለሌላው ወገን ጥሪ እንዲያገለግል አስችሏል። መንገዶቹ በማዕከል ተሰልተው ወደየማዞሪያዎቹ ይላኩ ነበር።

በኮምፒውተር ኔትወርኮች

በ1960ዎቹ መልእክትን ቆራርጦ በፓኬት የመላክ አሳብ ሲመጣ የኤርላንግ የመጠበቅ ስሌት አዲስ ቦታ አገኘ። ፓኬት መስመር ሲያጣ እንደ ስልክ ጥሪ ወዲያው አይመለስም፤ በራውተሩ ማኅደር ውስጥ ወረፋ ይይዛል። ሊዮናርድ ክላይንሮክ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ሥራው ይህን የወረፋ ስሌት ለመልእክት ኔትወርኮች ተጠቅሞበታል።

በቀላሉ የወረፋ ሞዴል መስመሩ በግማሽ ሲያዝ ፓኬቱ ወረፋውንና መላኪያውን ጨምሮ የሚቆየው ለመላክ ብቻ ከሚፈጀው ጊዜ 2 እጥፍ ነው። በ80 በመቶ 5 እጥፍ፣ በ90 በመቶ 10 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የኔትወርክ ባለቤቶች ለረጅም ዘመን መስመሮቻቸውን ከግማሽ በታች እየተጠቀሙ ትርፉን ለብልሽትና ለድንገተኛ ጭነት ያስቀምጡ ነበር።

በሶፍትዌር የሚታዘዝ ኔትወርክ ከ2008 አካባቢ ጀምሮ ሲስፋፋ ሁኔታው ተለወጠ። በዚህ አሠራር ፓኬት የሚያስተላልፉት ስዊቾች አቅጣጫውን ራሳቸው አይወስኑም፤ የጠቅላላውን ኔትወርክ ሁኔታ የሚያይ ማዕከላዊ ሶፍትዌር ወስኖ ይሰጣቸዋል። ጉግል ዳታ ሴንተሮቹን የሚያገናኘውን ቢ4 የተባለ ኔትወርኩን በ2013 ሲገልጽ፣ ብዙ መስመሮች እስከ 100 በመቶ ተጠግተው እንደሚሠሩና በረጅም ጊዜ አማካይ 70 በመቶ ያህል እንደሚያዙ አስታወቀ። ይህ የሆነው የኤርላንግ ሕግ ስለተሻረ አይደለም። መጠበቅ የማይችለው ትራፊክ ቅድሚያ ያገኛል፤ መጠበቅ የሚችለው ትልቅ የመረጃ ቅጂ ደግሞ በየመንገዱ ተከፋፍሎ ባዶውን ቦታ ይሞላል፤ ጭነቱ ሲበዛ የሚላክበት ፍጥነት ከምንጩ ይቀነሳል። የተነጣጠሉ መንገዶች በአንድ እይታ ሲመሩ እንደ አንድ የጋራ ቡድን ይሆናሉ፤ ይህም ከላይ የታየው የማጋራት ጥቅም ነው።

የስሌቱ ወሰን

የኤርላንግ ቀመሮች ጥሪዎች እርስ በርሳቸው ሳይያያዙ ይመጣሉ በሚል መነሻ የቆሙ ናቸው። ይህ መነሻ ለስልክ ንግግር በደንብ ይሠራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልኮር የምርምር ድርጅት የኮምፒውተር ኔትወርክ ትራፊክ በዝርዝር ሲለካ ግን ሌላ ነገር ታየ። ፓኬቶች ተከታትለው በብዛት ይጎርፋሉ፤ ይህም ጉርፍ በሰከንድም፣ በደቂቃም፣ በሰዓትም ሲለካ ተመሳሳይ መልክ አለው። በ1995 የወጣ ሌላ ጥናትም የፗሶን ስርጭት ለብዙ የኢንተርኔት ትራፊክ ዓይነቶች እንደማይስማማ አሳየ። በአንጻሩ ሰዎች ራሳቸው ግንኙነት የሚጀምሩበት ጊዜ አሁንም ከፗሶን ሕግ ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለዚህ የዛሬ ኔትወርክ መሐንዲስ የ1917ቱን ቀመር ለእያንዳንዱ ፓኬት እንዳለ አይጠቀምበትም። ቀመሩ ለስልክ የጥሪ ማዕከላትና ለሞባይል ስልክ ድምፅ ጥሪዎች ግን እስከ አሁን ያገለግላል። ኤርላንግ ያስተማረው መሠረታዊ አካሄድም፣ ማለትም ጭነቱን ለክቶ ስንት ተጠቃሚ ሊመለስ ወይም ሊጠብቅ እንደሚችል ማስላትና አቅሙን በዚያ መሠረት መወሰን፣ በእነዚህ ኔትወርኮች ውስጥ እየተሠራበት ነው።